የበሬዬ ቤዛ የሆነው የውሃ ሣር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣልያን ማርቆስ በነበረበት ጊዜ ነው። አርበኛው የደጀንን መንገድ ዘግቶ፣ ስንቅ የሚያመጣው ካሚዮን አልገባ ብሎ፣ ጦር ሰፈሩ የኛን ከብት እየነዳ ይበላ የነበረበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ሚስቴ አንጓች እንደምትለው ከሆነ ትናንት የላከችኝንም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም። በዕድሜዬ "ሥራህ ምንድን ነው?" ስባል ያፈርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ውሃ ውስጥ የሚኖር ሣር አስታማሚ ነበርኩ።

እኔ አራሽ ነኝ። ጥሩ አራሽ ነኝ ብል ጎረቤቶቼ ይህን ወረቀት ቀድደው ይጥሉታል። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ላይ ስደርስ መምህሬ "አንተስ ብታርስ ይሻልሃል" ብለው ሰደዱኝ። ማረስ ስጀምር ደግሞ አባቴ "ምነው ዳዊትህን በደገምህ" ይሉኝ ነበር። ያም ሆኖ ሁለት በሬ ነበረኝ። አንዱ ጥቁር ነው፤ ስም እንኳ አላወጣንለትም። ሁለተኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው። እርሻውን የሚያውቀው ቦራ ነበር። እኔና ጥቁሩ እሱን ተከትለን ነው የምናርስ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሊይዝ ሲል አስካሪዎች፣ ለጣልያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ መጥተው ከመንደራችን በሬ ሰበሰቡ። ከኔ ቤት ቦራን መረጡ። "ጥቁሩን ውሰዱት፤ ሥጋው ይበልጣል" ብዬ ለመንኳቸው። አንዱ አስካሪ ጥቁሩን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝና ሳቀብኝ። ቦራን ነድተው ሄዱ።

በአንድ በሬ አይታረስም። ባገራችን በሬ የጎደለበት ሰው ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ እየተባባሉ ያርሳሉ። እኔ ስነቃ ግን ባለ አንድ በሬው ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል። ጎረቤቴ አያ ምንይችል ዘንድ ሄድኩ።

"ዘገየህ አላምረው። ከወንድሜ ጋር ተቀናጅቻለሁ" አለኝ። "ከፈለግህ አህያዬ አለች።"

"አያ፣ አህያ ከበሬ ጋር ይጠመዳል እንዴ?"

"አንተና ጥቁሩ ከተግባባችሁ ምን የማይሆን አለ!"

ሳቅን። ቤት ስገባ ግን አንጓች አልሳቀችም። "ሰኔና ሐምሌ እንዲሁ ካለፉ ኅዳር ላይ ምን ልናጭድ ነው?" አለችኝ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

ስለዚህ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄድኩ። የተሰበሰቡት በሬዎች በእሾህ ሽቦ አጥር ውስጥ ታጉረው ነበር። አንድ ጣልያን የከብት ሐኪም በየተራ ያያቸዋል፤ ጤነኛ ነው ያለውን ቀንዱን ቀይ ቀለም ይቀባዋል። ቀይ ቀንድ ማለት ለድስት የደረሰ ማለት ነው። ቦራ ገና አልተቀባም። አየኝና ጮኸ። "ቆይ፣ መጣሁልህ" አልኩት፤ ምን ይዤ እንደምመጣለት ግን አላወቅሁም።

ሐኪሙን ልለምነው ወደ ቤቱ ሄድኩ። ቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ተስፋይ የሚባል የሐማሴን ሰው ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው ነው።

"ዛሬ አይሆንም፤ ሐዘን ላይ ነው" አለኝ።

"ውይ! ማን ሞተበት?"

"ሣር።"

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። በበሩ አንገቴን አስግጌ አየሁ። አጠር ያለ፣ ራሰ በራ ሰው ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ተቀምጧል፤ ልክ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ዙሪያውን በብረት የታሰረ የመስታወት ገንዳ አለ። ገንዳው ውሃ ተሞልቷል። ውሃው ውስጥ ትናንሽ ቀያይ ዓሣዎች ይመላለሳሉ። ከሥሩ አሸዋ ተነጥፏል፤ አሸዋው ላይ ደግሞ ቀጤማ የመሰለ ረዥም ሣር ተተክሏል። ድሮ ቆሞ ነበር ይባላል፤ እኔ ሳየው ቢጫ ሆኖ ተጋድሟል። ተስፋይ እንደነገረኝ ሣሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በመርከብም በካሚዮንም እቅፉ ላይ አድርጎ ነው ካገሩ ያመጣው።

አፌ ሁልጊዜ ከኔ ይቀድማል። "ሣር ነው እንዴ እንዲህ የሚያስተክዘው!" አልኩ። "በኔ ማሳ ሣር ጠፍቶ አያውቅም። ጤፍ ብዘራ ሣር ነው የሚበቅል፣ ገብስ ብዘራም ሣር ነው የሚበቅል።"

ተስፋይ አስተረጎመ። ሐኪሙ ጉንጩን ለቀቀና ቀና አለ። ሁለቱ ረዘም አድርገው ተነጋገሩ።

"በል ሥራ አገኘህ" አለኝ ተስፋይ። "በሬህን ከነዚያ ለይተን እዚህ ግቢ እናስረዋለን። ሣሩን ካለመለምህ ትወስደዋለህ። ሣሩ ከሞተ በሬህ ይቀባል።"

"ኧረ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነው!"

"እሱ ደግሞ ቀልዱን አይደለም።"

እንዲህ ሆኖ ሥራ ገባሁ። ወሬው እኔን ቀድሞ መንደር ደረሰ። አያ ምንይችል ከሩቅ ሲያየኝ፣ "አላምረው! ውሃ ውስጥ ያለን ሣር ምን ልታደርገው ነው? ውሃ ልታጠጣው?" ይላል። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ "ታማሚው እንዴት አደረ?" ይሉኛል። እኔም "እግዜር ይመስገን፣ ትንሽ ፈሳሽ ቀመሰ" እያልኩ አልፋለሁ። ውስጤ ግን ቦራ ነበር።

መጀመሪያ የማውቀውን አደረግሁ። የማውቀው ጌሾ መትከል ነው። ሣሩን ነቀልኩና አሸዋው ውስጥ እስከ አንገቱ ቀበርኩት፤ እንዳይነቃነቅ። ቀጥሎ ፍግ ነው። ፍግ ያልጠቀመው ቡቃያ አላውቅም። ከጥቁሩ በረት ያመጣሁትን ፍግ በጥብጬ ጨመርኩለት። ውሃው ወዲያው ጉሽ ጠላ መሰለ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍቱ ጀመር።

ሐኪሙ ሲገባ የጮኸው ጩኸት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሸሚዙን ሰብስቦ እስከ ክንዱ ገብቶ፣ ውሃውን በባልዲ ቀድቶ ደፋ፤ እኔም አብሬው ደፋሁ። ዓሣዎቹ ተረፉ። ሣሩ ባሰበት። ያን ዕለት ሐኪሙ በመስኮቱ ወደ ቦራ ሲመለከት አየሁት። እንደ ሐኪም አልነበረም ያየው፤ እንደ ራብተኛ ነው።

በዚሁ መሃል አምበር አካባቢ የበቅሎ በሽታ ገባ ተባለና ሐኪሙ ተጠርቶ ሄደ። ሲሄድ በተስፋይ በኩል "ስመለስ አረንጓዴ ነገር ማየት እፈልጋለሁ" አለኝ። እኔም ቤቴ ገባሁ።

አንጓች ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ፣

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሣር ማን ማን ያየዋል?" አለችኝ።

"ማን የማያየው አለ! ሹማምንቱ፣ አስካሪው፣ እንቁላል የምትሸጠዋ ሳትቀር መጥታ አፏን ከፍታ ታየዋለች።"

"ሲያዩት በስመ አብ ያለ አለ?"

"ጣልያን ምን በስመ አብ ይላል!"

"እንግዲህ ዐይን ነው የበላው። ተናግሬያለሁ።"

እውነቷን መሰለኝ። እኛ ዘንድ የሚያሳሳ ነገር ይሸፈናል። ጥጃ ሲወለድ ለባዕድ አይታይም፤ ቅል ሲናጥ እንግዳ ከመጣ ይሸፈናል። ይህ ሣር ግን ራቁቱን በመስታወት ውስጥ ቆሞ፣ አገር ምድሩ ያፈጥበታል። እንኳን ሣር፣ እኔም ብሆን እጠወልግ ነበር። አንጓች ለክረምት ያስቀመጠችውን ቡልኮ አወጣችልኝ። "በደንብ አጥፈህ አልብሰው" አለችኝ።

አለበስኩት። ከላይ እስከ ታች፣ ቀዳዳ ሳልተው። ከዚያ በሩ ላይ ዱላዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ መኮንን ዓሣውን ልይ ብሎ መጣ፤ "አይቻልም!" አልኩት። እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ሰውየው ተገርሞ ሄደ። ለዓሣዎቹ ፍርፋሪ ስጥል እንኳ የቡልኮውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። የኔም ዐይን ቢሆን ምን ይታወቃል!

በሥራዬ እንደዚያ ሰሞን ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ጧት ተስፋይ አፍንጫውን እየጠራረገ መጣ። "አላምረው፣ ይህ ሽታ ከየት ነው?"

"ከጠላቶቻችን ጫማ ይሆናል" ልለው ፈልጌ ተውኩት፤ ሽታው ከቡልኮው ነበርና። ገለጥነው። ሣሩ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ቅጠሉን ስነካው እጄ ላይ ቀለጠ። ዓሣዎቹ ብቻ፣ ብርሃን ሲያገኙ ተደናብረው ይሮጣሉ።

ተስፋይ ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። "ሰሞኑን ይመለሳል" አለኝ ቀስ ብሎ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ቦራ የሐኪሙን በቅሎዎች ድርቆሽ እየበላ ወፍሯል፤ ጀርባው ያብረቀርቃል። እጄን ላሰው። የሚያበሉት ግን ለኔ እርሻ አልነበረም።

አንጓች ጨሞጋ ወንዝ ልብስ እያጠበች ነበር። ወርጄ ነገርኳት። ያጠበችውን ነጠላ ጨምቃ ጨምቃ ስታበቃ፣

"ቡልኮዬስ?" አለችኝ።

"ቡልኮሽ ደህና ነው። የሞተው ሣሩ ነው።"

ነጠላውን አሰጣችው። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃውን ስናይ፣ ያየነው ነገር ለሁለታችንም እኩል ነው የታየን። ወንዙ ጋብ ብሎ የሚተኛበት ቦታ ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ ያው የሐኪሙ ሣር ዓይነት ቆሟል። አረንጓዴ ነው።

"ተመልከት" አለች አንጓች። "ይህን አገሩ ሁሉ ያየዋል። እኔም ስንት ዘመን ሳየው። ዐይን የሚበላው ቢሆን የኔ ብቻ ይበቃው ነበር።"

"ያንቺ ዐይን ባል ላይ ብቻ ነው የሚሠራ።"

"ዝም በል። ሾላው ካጠላበት በኩል አንድም የለም፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ላይ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ቡልኮ አለበስኩት!" ራሷን ይዛ ሳቀች። የኔም ሳቅ መጣ። ሁለታችንም በሬያችን ሊታረድ እያለ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን እስኪያመን ሳቅን።

ከዚያ ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። አንዱን ሣር ቀስ ብዬ ነቀልኩት። ላዩ አሸዋ ነው፤ ሥሩ የያዘው ግን ከአሸዋው በታች ያለውን ጥቁር ጭቃ ነው። ነጩ ልቡ ደግሞ ከመሬት በላይ ነው ያለው። እኔ እስከ አንገቱ ነበር የቀበርኩት! ሰውስ ቢሆን እስከ አንገቱ ተቀብሮ ያድጋል?

በእንስራ ጥቁር ጭቃ፣ በአኩፋዳ አሸዋ፣ ከወንዙም ሣር ጥቂት ነቅዬ ይዤ ተመለስኩ። ተስፋይም እጅጌውን ሰብስቦ አገዘኝ። ዓሣዎቹን በባልዲ አቆየናቸው። ገንዳው ሥር ጭቃውን በስሱ አነጠፍን፤ እንዳይደፈርስ ላዩን አሸዋ አለበስነው። ከሐኪሙ ሣር የበሰበሰውን ቅጠል ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ። ልቡ ነጭ ሆኖ ጠንከር ያለውን ብቻ፣ ሥሩን ቀብሬ ልቡን ከላይ አስቀርቼ ተከልኩት። የጨሞጋውን ደግሞ ጎን ለጎን ተከልኩ፤ ጎረቤት ካለው ይጽናናል ብዬ። ውሃውንም ቀስ እያልን፣ በሰሃን ላይ እያፈሰስን ሞላን። ጠረጴዛውን የጧት ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ገፋነው። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨመርኩም፤ ፍጉን ዓሣዎቹ ራሳቸው ይጥሉለታል። ውሃው ሲጎድል ብቻ ትንሽ እሞላለሁ። እጄን ወደ ኋላ አስሬ መቀመጥ ከማረስ ይልቅ ከበደኝ።

ሐኪሙ ሲመለስ የቀረው ጉቶ ነበር። ገንዳውን አየ። እኔን አየኝ። ቀጥሎ በመስኮቱ ቦራን አየ፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

"ተስፋይ፣ በልልኝ" አልኩ። "እኛ ዘንድ ንዳድ የያዘው ሰው ፀጉሩ ይላጫል። ይህም ተላጭቶ ነው። ይበቅላል በልልኝ።"

ተስፋይ ነገረው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አሸዋውን፣ ጭቃውን፣ የወንዙን ሣር ተመለከተ። ረዥም ጊዜ ተመለከተ። "እናያለን" አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳለፍኳቸው አልናገርም። ጧት ጧት ሐኪሙ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን በገንዳው ውስጥ እንተያያለን። በዓሣዎቹ መሃል ፊቱ ይሰፋል፤ የኔም ለሱ እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ቋንቋ ባንግባባም ሁለታችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር።

አንድ ጧት ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ገንዳው ላይ ስታርፍ፣ ከሐኪሙ ሣር ጉቶ መሃል አንዲት ነገር አየሁ። ቀጭን፣ ሹል፣ ልክ እንደ ጤፍ ቡቃያ። አጠገቧ ሌላ። ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን አረፋ ተቀምጧል፤ አንዱ ይነሣና ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይከተለዋል። ሣሩ ይተነፍስ ነበር! "ሲኞር! ሲኞር!" ብዬ ጮህኩ፤ ከቋንቋቸው የማውቀው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ሮጦ መጣ። በጉልበቱ ተንበረከከ። ከዚያ ዘሎ አቀፈኝ፤ ሳሙናው ሁሉ ጢሜ ላይ ቀረ።

ደስታችን ሳይበርድ በሩ ተንኳኳ። የስንቅ ሹሙ ነው፤ ግዙፍ ጣልያን ነው። ከኋላው አስካሪ የቀለም ጣሳ ይዞ ቆሟል። ካሚዮኑ አሁንም አልገባም፤ በረቱ ውስጥ ያሉት በሬዎች አልቀዋል፤ በጣቱ ወደ ቦራ ጠቆመ።

ቋንቋቸውን ባላውቅም ሁሉ ገባኝ። ዞሬ ሐኪሙን አየሁት። ሐኪሙ ሳሙናውን በክንዱ ጠረገና ወጣ። ቦራን ዞረው፤ ዐይኑን ገለጠ፤ ምላሱን ሳበ፤ ጆሮውን ሆዱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ ለስንቅ ሹሙ አንድ ነገር ነገረው። ስንቅ ሹሙ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ተስፋይ ጆሮዬ ሥር መጣ። "በሬህ ታሟል ብሎታል። ሥጋውን የበላ ይሞታል ብሎታል። ዛሬውኑ ከከተማ ይውጣ ብሏል።"

"ቦራ? እንዲህ ወፍሮ?"

"እዘን አንተ! እዘን!"

አዘንኩ። ራሴን በሁለት እጄ ይዤ "ወይኔ ቦራዬ! ወይኔ ጉዴ!" አልኩ። ገመዱን ፈታሁና እያለቀስኩ ነዳሁት። ችግሩ ቦራ ማዘን አልገባውም። ያን ሁሉ ጊዜ ድርቆሽ በልቶ፣ ታስሮ ሰንብቶ፣ ወደ ቤት እንደሆነ ሲያውቅ ዘለለ። ታማሚው ከፊት፣ አስታማሚው ከኋላ ሆነን፣ እሱ እየጎተተኝ እኔ እየተንከባለልኩ፣ በማርቆስ መሃል ሮጥን። ዞር ብዬ ባይ ስንቅ ሹሙ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሐኪሙ በእጁ አየሩን እየቆረጠ ያስረዳዋል። በኋላ ተስፋይ እንደነገረኝ፣ "ይህ ነው በሽታው! ሲብስበት እንዲህ ያስሮጠዋል" እያለው ነበር።

አንጓች ከደጃፍ ላይ ሆና አየችን። እልል አላለችም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ቦራን አንገቱን አቅፋ ብቻ ቆመች። አያ ምንይችል ግን መጥቶ፣ "አላምረው፣ ሣር አልምተህ በሬ አመጣህ። ድንጋይ ብታለማ ምን ልታመጣ ነው?" አለኝ። በዚያው ዝናብ ያዘ። ቦራ ከፊት፣ እኔና ጥቁሩ ከኋላ ሆነን አረስን። ኅዳር ላይ ጤፍ አጨድን። ሣሩም እንደ ልማዱ ከጤፉ ጋር ነበረ፤ ግን አልተማረርኩበትም።

ሐኪሙን ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ ከማየት በቀር አላነጋገርኩትም። በዚያ ዘመን ከጣልያን ጋር መታየት ደግ አልነበረም፤ መንደራችንን ያቃጠሉ፣ ሰው የገደሉ እነሱው ናቸውና። እኔም ወዳጄ ነው አልልም። ሲያየኝ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ጉሮሮዬን የምጠርግ መስዬ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ጣልያን ሲወጣ አገር ሁሉ ጨፈረ፤ እኔም ነጠላዬ እስኪወድቅ ጨፈርኩ። ስጨፍር ግን በልቤ "ሁሉም ይውጡ፣ ከአንድ ሰው በቀር" አልኩ። ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ በነገርኳችሁ ቀለለኝ።